ስምንት አውታር በናይሮቢ

የሽማግሌው የቀኝ እግር አውራ ጣት ላይ ወፈር ያለ የብረት ቀለበት አለ። ከምት ብዛት አንዱ ጎኑ ነጥቷል። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደግሞ በጠፍር የተያያዙ የብረት ቃጭሎች ታስረዋል። ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ መሣሪያውን መሬት ላይ በጎኑ አስተኙት፤ ጎንበስ ብለው ሁለቱንም እጃቸውን ወደ አውታሮቹ ሰደዱ። እግራቸው ተነሣና ቀለበቱ የመሣሪያውን የእንጨት ክንድ ቀው አደረገው። ቃጭሉ ተከተለ። ከዚያ ጣቶቻቸው ገቡ፤ ድምፃቸው ግን ከሁሉም ዘግይቶ መጣ። አንድ ሰው ብቻቸውን ከበሮ መቺም፣ ጸናጽል ያዥም፣ ክራር ደርዳሪም፣ ዘፋኝም ሆኑ።

ክራር ያልኩት ሳላስበው ነው። ዐይኔ ያየው ክራር ነበርና። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ገበቴ፣ በላዩ የተወጠረ የላም ቆዳ፣ ከገበቴው ወጥተው ሽቅብ የሚከፈቱ ሁለት ምሰሶዎች፣ በነሱ ላይ የተጋደመ ቀንበር፣ ከቀንበሩ እስከ በርኩማው የተዘረጉ አውታሮች። አጎቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ግድግዳው ላይ ይሰቅለው ከነበረው ክራር የሚለየው ትልቅ በመሆኑና አውታሮቹ ስምንት በመሆናቸው ብቻ ነው። የኬንያ ሉኦ ሰዎች ኒያቲቲ ይሉታል። አውታሩ ድሮ የከብት ጅማት ነበር፤ ዛሬ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ነው። የአጎቴም ክራር እንዲሁ ከጅማት ወደ ናይለን የተሻገረ ነበር።

ይህ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት ኪቤራ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር ውስጥ፣ ጣሪያዋም ግድግዳዋም ቆርቆሮ የሆነች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ወደ ናይሮቢ የወሰደኝ የአምስት ቀን የሥራ ስብሰባ ነበር። ለሙዚቃ ብዬ አልሄድኩም፤ እንዲያውም ናይሮቢ ለኔ የአውሮፕላን መለወጫና የስብሰባ ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ የሁለት ሰዓት ያህል በረራ የምትርቅ ከተማ ምን ትዘፍናለች ብዬ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ባማኮን አውቅ ነበር፤ የማሊን ኮራ እየሰማሁ ያደርኩባቸው ሌሊቶች አሉ። የሕንድ ሲታር፣ የአየርላንድ ፊድል፣ የፖርቱጋል ፋዶ በየተራቸው ቤቴ ገብተዋል። ከሞያሌ ማዶ ያለው ጎረቤቴ ግን በሬን አንኳኩቶ አያውቅም። እኔም የሱን አላንኳኳሁም። ይህ የኔ ብቻ ጥፋት አይመስለኝም። ትምህርት ቤትም ሬዲዮም ሙዚቃችን የብቻችን እንደሆነ፣ ቅኝታችን ከዓለም ተለይቶ ተራራ ላይ የበቀለ እንደሆነ ነግረውን ነው ያደግነው። የወሎ ልጅ ስለሆንኩ ደግሞ ነገሩ ይብስብኛል፤ ባቲና አምባሰል የሰፈሬ ስሞች ናቸው።

ናይሮቢ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ አብሮ አደግ አለኝ። ከስብሰባው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ምሽት ሊወስደኝ መጣና፣ «የት ልውሰድህ?» አለኝ።

«ሰው የሚዘፍንበት ቦታ» አልኩት።

«እዚህ ከተማ የማይዘፈንበት ቦታ ብትጠይቀኝ ይቀለኝ ነበር» አለኝና በመጀመሪያው ባለፈው ማታቱ አሳፈረኝ። ማታቱ የናይሮቢ ታክሲ ነው፤ የኛ ሚኒባስ ዘመድ። ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ጎኑ ላይ የዘፋኝና የኳስ ተጫዋች መልክ ተሥሏል፤ ከመቀመጫው ሥር የሚወጣው ድምፅ ደረትን ይደልቃል። ተሳፋሪው እንደ ልማዱ ስልኩን ያያል፤ እኔ ብቻ ነኝ የደነገጥኩት።

በማግሥቱ ምሳ ሰዓት ላይ ኬንያታ ገበያ ሄድን። ገበያው በሁለት ነገር ይታወቃል፤ በተጠበሰ ሥጋና በሹሩባ። ፍም ላይ ያለው ሥጋ ጭሱን ይለቃል፤ ሹሩባ ሠሪዎቹ እጃቸውን እያወናጨፉ ሴቶቹን ይጣራሉ። በመካከላቸው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሸክላ የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ አለች። ግድግዳዋ እስከ ጣሪያ ድረስ ሸክላ ነው። ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ባለሱቁ ሌላ ቃል ሳይጨምር «ሙላቱ» አለኝ። እኔ ከሱ ሀገር አንድ ሙዚቀኛ ጥራ ብባል የምጠራው ስም አልነበረኝም።

ሁለት ሰዓት ያህል እዚያ ቆየን። አንዱን ሸክላ አንሥቶ አቧራውን በክንዱ ጠረግ ያደርግና መርፌውን ያሳርፋል። የሌ ዋኒካን «ሲና ማኮሳ» አሰማኝ፤ ጥፋት የለብኝም ማለት ነው። ጊታሩ ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እርጋታ አለው። ቀጥሎ ሱፐር ማዜምቤ፣ ቀጥሎ ሳምባ ማፓንጋላ። ሌ ዋኒካን ያቋቋሙት ሙዚቀኞች ከታንዛኒያ የመጡ ናቸው፤ ሱፐር ማዜምቤና ማፓንጋላ ከኮንጎ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ናይሮቢ ስቱዲዮም፣ ሸክላ ማተሚያም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱበት ክበብም ስለነበራት የአካባቢው ሙዚቀኛ ሁሉ ወደዚያ ይጎርፍ ነበር። በሊንጋላም ተዘፈነ በስዋሂሊ የናይሮቢ ሰው የኔ ብሎ ተቀበለው። ከባሕር ጠረፍ የመጣው ታራብም እዚያው መደርደሪያ ላይ ነበር። ዑዱና ቫዮሊኑ ከዐረብ፣ ግጥሙ ከስዋሂሊ ነው፤ ትንሽ ሰምቼ አለፍኩት፤ እሱ የሞምባሳንና የዛንዚባርን ሌሊት የሚፈልግ ይመስለኛል።

እዚያ ቆሜ የኛን ሸክላ አሰብኩ። ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ጊዜ አምሐ እሸቴ የሚባል ወጣት በ1969 እ.ኤ.አ. ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። ሀገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላው ውጭ ታትሞ ይመጣ ነበር። ጥቂት ዓመታት አበባ፤ ከዚያ አብዮቱና የሰዓት እላፊው መጡ። ናይሮቢ ሌሊቷን በባንድ ስትሞላ አዲስ አበባ በጊዜ በሯን ትዘጋ ነበር። ጎረቤታሞች ሳንሰማማ የቀረነው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። እነሱ ክፍት ሌሊት በነበራቸው ዘመን እኛ አልነበረንም።

ባለሱቁ የመጨረሻውን ሸክላ ሲያሳርፍ ጆሮዬ ተነሣ። ሁለት ጊታሮች ይጠላለፋሉ፤ አንደኛው ቀጭን፣ ፈጣን፣ የማያርፍ ነው። ባሱ ከሥር ይዘላል። ዘፋኙ ጥቂት ስንኝ ይላል፤ ዝም ይላል፤ ጊታሩ ብቻውን ይሮጣል። ቤንጋ የሚባለው ሙዚቃ ነው። ዘፋኙ ዳንኤል ኦዊኖ ሚሲያኒ ይባላል። ሽራቲ በምትባል የታንዛኒያ መንደር ተወልዶ፣ ኬንያ ውስጥ ሽራቲ ጃዝን መርቶ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ኪሱሙ ላይ በመኪና አደጋ ያረፈ ሰው ነው። የቤንጋ ንጉሥ ይሉታል። አብሮ አደጌ የሥራ ባልደረባውን፣ አንድ ሉኦ ወጣት፣ አስከትሎ ነበር፤ እሱ የጊታሩን ቅጥቀጣ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እያሳየ፣ «ይህ ጊታር አይደለም፤ ኒያቲቲ ነው። የቤንጋ ጊታረኞች በአንድ አንድ ክር እየነጠሉ የሚመቱት አባቶቻቸው ኒያቲቲን እንደሚመቱት ነው» አለኝ።

ጌታቸው መኩሪያ ትዝ አለኝ። እሱም ሽለላና ፉከራን ከጀግና ጉሮሮ አውጥቶ ሳክስፎን ውስጥ አስገባ። መሣሪያው የፈረንጅ ሆኖ ትንፋሹ የጦር ሜዳ ነበር። ሉኦው ጊታር አንሥቶ ኒያቲቲ ሲመታ፣ የኛው ሰው ሳክስፎን አንሥቶ ሲያቅራራ፣ ሁለቱ ሳይተዋወቁ አንድ ሥራ ሠርተዋል። ዘመናዊ የሚባለውን ሙዚቃ የምወድደው እንዲህ ሲሆን ነው። ከኋላው ያለውን ሰው ሲደብቅብኝ አልወድደውም።

«ኒያቲቲ የሚመታ ሰው ታውቃለህ?» አልኩት ወጣቱን።

«የአባቴ ወንድም ናቸው። ከዚህ በእግር ይደረሳል» አለኝ።

ወደ ቆርቆሮዋ ክፍል የወሰደን እሱ ነው። ኬንያታ ገበያና ኪቤራ ጎረቤት ናቸው።

ሽማግሌው ተጫውተው ሲያበቁ የሙዚቃውን ስም ጠየቅኳቸው። ወጣቱ ተረጎመልኝ፤ ኒያቲቲ መሣሪያው ነው፤ ሙዚቃው በጠቅላላ ግን ቱም ይባላል። «ቱም?» ብዬ ደገምኩት። ጋምቤላ ሄጄ አውቃለሁ። አኙዋዎች በአውራ ጣት እየጫኑ የሚጫወቱትን፣ ምላስ ምላስ የሚመስሉ ብረቶች ያሉትን ሳጥን ቶም ይሉታል። አኙዋና የኬንያ ሉኦ ቋንቋቸው ዘመዳሞች ናቸው፤ ቀደምቶቻቸው ዓባይን ተከትለው ከዛሬይቱ ደቡብ ሱዳን ወደየአቅጣጫው የወረዱ ናቸው። ባሮ ዳር ያለው ቃልና ቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር ያለው ቃል አንድ ሆነው አገኘኋቸው። ለካ ጎረቤት የምለው ሰው ዘመድ እቤቴ ውስጥ ነው! አኙዋን ትቼ ማሊ ድረስ ሄጄ ነበር።

ግድግዳው ላይ ሌላ መሣሪያ ተደግፏል። ቁመቱ እደረቴ ይደርሳል። የኪሲ ሰዎች ኦቦካኖ ነው፤ የአንድ ወዳጃቸው አደራ እንደሆነ ነገሩኝ። ወፍራሙን አውታር አንድ ጊዜ ነካ አደረጉልኝ። ድምፁ ከመሬት ሥር የመጣ ይመስላል፤ ይርገበገባል፤ ያዝ ያዝ ያደርጋል። በገና! በዐቢይ ጾም ሌሊት ሬዲዮ ላይ የምሰማው ያ ንዝረት። በበገና ላይ ንዝረቱን የሚያመጣው በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዝራ ናት፤ እሷ ከወጣች የበገና ንዝረት ይጠፋል። አሥር አውታር ያለው በገና የዳዊት ነው እየተባልኩ ነው ያደግኩት። እምነቴን የሚነካ ነገር አላየሁም፤ ግን በዚያች ክፍል ውስጥ የበገና ወንድም ከግድግዳው ተደግፎ ቆሞ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስቆጥር ዋልኩ። ኪሲ ኦቦካኖ፣ ቡኩሱ ሊቱንጉ፣ ኪፕሲጊስ ቼፕኮንግ፣ ኡጋንዳ ኤንዶንጎ፣ ሱዳን ጠንቡራ፣ የስዊዝ ቦይ ከተሞች ሲምሲሚያ፣ እኛ ክራርና በገና። ሁሉም ገበቴ፣ ሁለት ምሰሶና ቀንበር አላቸው። በካርታ ላይ ብታስቀምጧቸው ከቀይ ባሕር እስከ ቪክቶሪያ ሐይቅ፣ አብዛኛውን ዓባይን ተከትለው ይሰለፋሉ። ማን ከማን ወሰደ የሚለው ክርክር አይማርከኝም። ወንድማማቾች ሳይጠያየቁ መኖራቸው ነው የቆጨኝ።

በሦስተኛው ቀን ቦማስ ኦቭ ኬንያ ሄድኩ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ፣ ላንጋታ መንገድ ላይ ያለ የባህል ማዕከል ነው። ከ40 በላይ ብሔረሰቦች ባሉባት ሀገር የብዙዎቹን ጭፈራ በአንድ ከሰዓት በኋላ ክብ አዳራሽ ውስጥ ያሳዩ ነበር። ጨፋሪዎቹ ችሎታ አላቸው፤ አንዱ ቡድን የሉህያን ኢሱኩቲ ከበሮ፣ የማሳይን ዝላይ፣ የኪኩዩን ውዝዋዜ ልብስ እየለወጠ ያቀርብ ነበር። በሀገር ፍቅርና በብሔራዊ ቴአትር ያየሁት ነው፤ አንድ ተወዛዋዥ በአንድ ምሽት ጎንደሬም፣ ጉራጌም፣ ወላይታም ይሆናል። ክብር አለው፤ ልጆች የሀገራቸውን ስፋት እዚያ ያያሉ። ሆኖም ጭፈራው የሚያልቀው ሰዓቱ ሲደርስ ነው፤ ሠርጉ ሲያልቅ ወይም ሙሾው ሲወጣ አይደለም። ማሳዮቹ ያለ አንዳች መሣሪያ በጉሮሮ ብቻ ድምፅ በድምፅ ላይ ሲደራርቡ ግን አዳራሹንም ሰዓቱንም ረሳሁ።

ከዚያ የያዝኩት ሌላ ነገር ከመድረኩ አይደለም፤ አጠገቤ የተቀመጡ መምህርት ለተማሪዎቻቸው ሲነግሩ የሰማሁት ነው። የኬንያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የተወሰደው በኬንያው ታና ወንዝ ዳር ከሚኖሩ የፖኮሞ ሰዎች እናቶች እሽሩሩ ነው። በ1963 እ.ኤ.አ. ነፃነት ሲመጣ መዝሙር የሚያዘጋጁት ሰዎች ወታደራዊ ሰልፍ ፍለጋ አልሄዱም፤ ሕፃን የሚተኛበትን ዜማ መረጡ። ባንዲራ ሲሰቀል ወታደሩ ሰላምታ የሚሰጠው ለእናት ጉሮሮ ነው።

አሁን ወደምወደው ምሽት ልምጣ። ወጣቱ ሉኦ የኦሃንግላ ቤት ወሰደን። ኦሃንግላ የሉኦ የከበሮ ሙዚቃ ነው፤ ድሮ የመንደር ነበር፤ ዛሬ ኪቦርድ ተጨምሮበት የናይሮቢን መጠጥ ቤቶች ሞልቷል። ከመሃል ኦሩቱ የያዘ ጎልማሳ ቆሟል። ኦሩቱ ባለ አንድ አውታር ነው፤ በደጋን ይመታል። ማሲንቆ ነው ብዬ ልምል ነበር። ገበቴው ክብ ስለሆነና የኛው ባለ አራት ማዕዘን ስለሆነ ተውኩት። የሚያወጣው ድምፅ ግን ያው ነው፤ ሰው የሚመስል፣ አፍንጫ አካባቢ የሚቀር፣ ሲለምን የሚያስጨንቅ ድምፅ።

ሙዚቃው ግሎ ሳለ አንድ ወፍራም ሰውዬ ብር በሁለት ጣቱ ከፍ አድርጎ ተነሣ። ባንዱ ቀጥ አለ። ከበሮው በመካከል ተቆረጠ። ሰውዬው ማይኩን ተቀብሎ ተናገረ፤ ወጣቱ በጆሮዬ ተረጎመልኝ፤ እኔ የሐይቁ ዳር ልጅ ነኝ፣ ጀልባዬ ባዶዋን ተመልሳ አታውቅም፣ እዚህ የተቀመጠው ጓደኛዬ ደግሞ ዝናብ ሳይጠራ የሚመጣለት ሰው ነው አለ። ቤቱ ጮኸ። ብሩ ተሰጠ። ከበሮው ከቆመበት ቀጠለ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ከወዲያኛው ጠረጴዛ ሌላ ሰው ብሩን አነሣ፤ የፊተኛውን ሊበልጥ ነው። ይህን ፓክሩኦክ ይሉታል። ራስን ማሞገስ፣ ወዳጅን ማሞገስ፣ በሙዚቃው ላይ ከፍሎ መግባት።

እኔ አዝማሪ ቤት የገባሁ መሰለኝ። «ተቀበል!» የሚለው ድምፅ ከጥግ ሲመጣ፣ አዝማሪው ማሲንቆውን ሳያቆም ስንኙን ከእንግዳው አፍ ነጥቆ ሲዘፍነው፣ ብሩ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ። ግን ልዩነቱን ሳስተውል ቆየሁ። የኛ እንግዳ ስንኙን ይሰጣል፤ የሚናገርለት አዝማሪው ነው። ሰሙን እንግዳው ያቀብላል፤ ወርቁ በአዝማሪው አፍ ይወጣል፤ ስድብም ከሆነ ተጠያቂው ይሸሸጋል። የሉኦው እንግዳ ሙዚቃውን አስቁሞ፣ ተነሥቶ፣ በራሱ አፍ፣ ሰው ሁሉ እያየው ይናገራል። እኛ በሌላ ሰው ጉሮሮ መናገር የምንወድድ ሕዝብ ነን፤ እነሱ ለራሳቸው ይቆማሉ። ሁለቱንም ወደድኳቸው፤ ያን ሌሊት ግን የነሱ አስቀናኝ። እንዲህ ያለው ቤት በየሰፈሩ መኖሩም አስቀናኝ። እኛ ዘንድ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶች ሰፈሩ ሲፈርስ አብረው ፈርሰዋል፤ ፈንድቃ የተባለው አዝማሪ ቤትም በ2024 እ.ኤ.አ. ከቦታው ተነሥቷል። አዝማሪ ቤት ሲፈርስ የሚፈርሰው ተቀበል የሚባልበት ልማድም ነው።

ከዚያ ስንወጣ ወጣቱ በስልኩ አንድ ነገር አሰማኝ። በ1950 እ.ኤ.አ. ሂው ትሬሲ የሚባል ሰው መቅረጫ ማሽን ጭኖ ካፕካቴት የምትባል የኪፕሲጊስ መንደር ይደርሳል። ልጃገረዶች በቼፕኮንግ ታጅበው ይዘፍኑለታል። በዘፈኑ ውስጥ አንድ ስም ይመላለሳል፤ ቼሚሮቻ። ስሙ የአሜሪካዊው ዘፋኝ የጂሚ ሮጀርስ ነው። ሸክላው ከሸክላ ማጫወቻ ጋር መንደሯ ደርሶ ሰምተውታል፤ በድምፁ ተገርመው ግማሹ ሰው፣ ግማሹ አጋዘን ነው ብለው ዘፈን ሠሩለት። ጂሚ ሮጀርስ በ1933 እ.ኤ.አ. ሞቷል፤ ኬንያ ውስጥ በስሙ እንደሚዘፈን ሳያውቅ። የዓለምን ሙዚቃ ፈላጊ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር፤ የካፕካቴት ልጃገረዶች ግን ዓለም ደጃቸው ሲደርስ ተቀብለው፣ ስሙን በራሳቸው አፍ አጣፍጠው፣ በራሳቸው አውታር መልሰው ልከውታል።

ትሬሲ የቀረጻቸው ድምፆች ደቡብ አፍሪካ ባለ ቤተ መዛግብት ተቀምጠው ኖሩ። ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ ቅጂዎቹ ወደ ኬንያ መንደሮች፣ ለዘፋኞቹና ለዘመዶቻቸው ተመልሰዋል። በዚህ ሥራ የተሳተፈው ከተቡል የሚባል የናይሮቢ ድርጅት ነው፤ ታቡ ኦሱሳ የመሠረተው፤ ስሙ በሉኦ የከበሮ መምቻ እንጨት ማለት ነው። የቤንጋን አመጣጥ በመጽሐፍ፣ በሲዲና በፊልም አድርገው በ2008 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። መጽሐፉን ስገልጥ የቀናሁት በወረቀቱ ጥራት አልነበረም፤ ሽማግሌዎቹ በሕይወት ሳሉ በመጠየቃቸው ነው።

እሑድ ከሰዓት በኋላ አብሮ አደጌ ወደ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ወሰደን፤ ወጣቱም አብሮን ነበር። ባለቤቲቱ ቡና እያፈሉ የካሳ ተሰማን ክራር ከፍተው ነበር። ወጣቱ እንጀራውን ጠቅልሎ ወደ አፉ ሊወስድ ሲል ቆም አለ። ጆሮውን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ማነው ኒያቲቲ የሚመታው?» አለ።

እትዬ ጀበናቸውን አስቀምጠው፣ «ክራር ነው ልጄ፤ የኛ ነው» አሉት።

ወጣቱ አንገቱን ነቀነቀ እንጂ አላመናቸውም። ኪቤራ ላይ እኔ የሆንኩትን ሆነ። እትዬ ቢያሳምኑት ደስ ባለኝ ብዬ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ ግን ባያምናቸው ይሻላል አልኩ።

ሰኞ ጠዋት፣ ከበረራዬ በፊት፣ ወደ ሽማግሌው ተመለስኩ። ስለ ክራር በወጣቱ በኩል አጫወትኳቸው። ስድስት አውታር አለው፤ ድርድርና ግርፍ የሚባል አመታት አለው፤ እኛ ዘንድ በደረት ታቅፈነው ነው የምንመታው እንጂ መሬት አናስተኛውም፤ አስናቀች ወርቁን የመሰለች ሴት በክራር ነግሣለች። ሴት ስል ቅንድባቸው ተነሣ። ኒያቲቲ የወንድ ነበር፤ ይህን ደንብ ያፈረሰችው አኒያንጎ በሚል ስም የምትታወቅ ጃፓናዊት ናት፤ መጥታ፣ መንደር ተቀምጣ፣ ተምራ፣ ዓለምን እየዞረች ትመታዋለች። ይህን ሲነግሩኝ ቅሬታ አላየሁባቸውም። ወጣቱ ደግሞ ስለ አዩብ ኦጋዳ ነገረኝ፤ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ለንደን የምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ ኒያቲቲ እየመታ ሳንቲም ይለቅም የነበረ፣ በኋላ በ1993 እ.ኤ.አ. አልበሙ የወጣለት፣ «ኮትቢሮ» የተባለው ዘፈኑ ፊልም ውስጥ ገብቶ የተሰማለት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ያረፈ። ኮትቢሮ ዝናብ እየመጣ ነው ማለት ነው።

ሽማግሌው ሁሉንም ሰሙና በስዋሂሊ አንድ ነገር ጠየቁኝ። «ያኮ ኢኮ ዋፒ?»

ያንተስ የት አለ?

ክራር አለኝ። ከአጎቴ የወረስኩት። አዲስ አበባ ሳሎኔ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ይህን ማስተርጎም አፈርኩ። ስልኬን አወጣሁና የክራር ድርድር ከፈትኩላቸው። ስልኩን ከእጄ ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉ፤ ዐይናቸውን ጨፈኑ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላሉም። ከዚያ የቀኝ አውራ ጣታቸው ተነሣች። ቀለበቱ የኒያቲቲውን ክንድ ነካ፤ አንዴ፤ ሁለቴ፤ ሦስተኛው ላይ የክራሩን ምት አገኘ። አምባሰል ነበር የከፈትኩላቸው። አምባሰል በእግር ጣት ሲመታ በሕይወቴ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ስልኩን መልሰው ኒያቲቲውን ወደኔ ገፋ አደረጉልኝ። ዱካዋን ለቀቁልኝ። ቀለበቱን ከጣታቸው አውልቀው ሰጡኝ፤ ሰፋኝ። አውታሮቹ ላይ ትዝታን ልፈልግ ሞከርኩ። አራቱን ድምፆች አገኘሁ፤ አምስተኛዋ በሁለት አውታሮች መካከል ቀረች። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው በቀንበሩ ላይ የተጠመጠመውን ናይለን በሁለት ጣት ይዘው በጥቂቱ ዞር አደረጉት። «ሞክር» አሉኝ በእጃቸው። ቀረብ አለች። ልትገጥም ጥቂት ሲቀራት ወጣቱ ሰዓቱን አሳየኝ፤ አውሮፕላኔ ሊሄድ ነው።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ክራር ደርዳሪዎች ሆይ፣ ሥራም ይውሰዳችሁ ዘመድ ጥየቃ፣ ናይሮቢ ስትሄዱ ክራራችሁን ግድግዳ ላይ ጥላችሁ አትሂዱ። ለዕቃ ክፍል አትስጡት፤ በነጠላ ጠቅልላችሁ በእጃችሁ ያዙት። ከኬንያታ ገበያ ኪቤራ በእግር ይደረሳል። ኒያቲቲ የሚመታ ሰው ጠይቁ፤ ያሳዩአችኋል። ዱካ ሲሰጧችሁ ተቀመጡና እናንተ ጀምሩ።